የአእምሮ ሕመም ያለበትን ልጅ ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያን ለሚመጡ ቤተሰቦች፦ አገልጋዮች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ዓመት ከሆኑ ልጆች ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበት የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። በአገራችን የእነዚህ ልጆች ወላጆች ብዙ ጊዜ ከሐኪም ቤት አስቀድመው የሚመጡት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ፣ የመጀመሪያውን ቃል የሚሰሙት ከእኛ ከአገልጋዮች ነው። በሰንበት ትምህርት ቤት አገልግሎቴ ደጋግሜ ያየኋቸውን፣ አንዱን ደግሞ ራሴም የፈጸምኩትን ስህተት ከዚህ በታች እጽፋለሁ።

ከሁሉ የከፋው መድኃኒት ማስቋረጥ ነው። አንዲት እናት በጠበል ቦታ ተራዋን ስትጠብቅ የልጇን ኪኒን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ አጥማቂው እንዳያዩባት በእጇ ሸፍናው አይቻለሁ። ልጁ የሚጥል በሽታ ነበረበት፤ «መድኃኒት ከወሰደ ጠበሉ አይሠራለትም» ስለተባለች የጠዋቱን ሳትሰጠው ቀርታለች። የዚህ በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ግን ማቆሚያ የሌለው መንቀጥቀጥ ሊያስከትል፣ ሕይወትንም ሊያሳጣ ይችላል። ጉዳዩ በቤተ ክርስቲያናችን መልስ ያጣ አይደለም። በእንጦጦ ጠበል የሚጠመቁ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ይተዉ በነበረበት ጊዜ፣ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ በይፋ አስተምረዋል። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር ነው ይላል። እንግዲህ አጥማቂው ወይም ንስሐ አባት ለእናቲቱ ሊነግሯት የሚገባው አጭር ነው፤ ኪኒኑን በሰዓቱ ስጪው፣ ከዚያ ወደ ጠበሉ አምጪው።

ሁለተኛው የወላጆችን ኃጢአት መፈለግ ነው። «ምን በድላችሁ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ከአዘኔታ ቢወጣም እንደ ፍርድ ይሰማል፤ ቤተሰቡም ልጁን ከጎረቤት ዐይን ይሸሽገዋል፣ ሕክምናውም ይዘገያል። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ይህንኑ ጠይቀው ጌታችን እርሱም ወላጆቹም እንዳልበደሉ መልሶላቸዋል፤ ዮሐንስ ምዕራፍ 9ን በየዓመቱ እያነበብን ጥያቄውን እንደገና ማንሣታችን ያሳዝናል።

ራሴ የፈጸምኩት ስህተት የሚቀጥለው ነው። ኦቲዝም ያለበት ልጅ በቅዳሴ መካከል ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ሲጮህ፣ እናቱን «እባክሽ ወደ ውጭ አውጪው» ብያታለሁ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ሳምንታት አልተመለሰችም። ልጁን ያስጨነቀው ከራሱ በላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ የመሠረቱት ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት አጥተው ነበር፤ የቤተ ክርስቲያን በር ግን እንደዚያ ሊዘጋ አይገባውም። ከድምፅ ማጉያ የራቀ ቦታ ማዘጋጀት፣ ልጁ ሲጨነቅ ከሰንበት ተማሪዎች አንዱ በቅጽሩ ውስጥ እንዲያንሸራሽረውና በቁርባን ሰዓት እንዲመልሰው ማድረግ ምንም ወጪ የለውም።

ሕፃንን ማሰርና መምታት በማንኛውም ምክንያት ሊደረግ አይገባም። ሲጮህ ወይም ሲወድቅ በስልክ ቀርጾ መልቀቅም እንዲሁ ነው፤ ልጁ አድጎ ትምህርት ቤት ሲገባ ያ ምስል ይከተለዋል።

ታዳጊ ልጅ «መሞት እፈልጋለሁ» ሲል ደግሞ ኑዛዜ ብቻ ሰምቶ ማሰናበት አደገኛ ነው። ብቻውን ሳይተዉ፣ ሳይቆጡ መስማትና በዚያው ዕለት የአእምሮ ሕክምና ወደሚሰጥበት ሆስፒታል ከወላጁ ጋር መሄድ ያስፈልጋል።

የመጨረሻው ስህተት ዝም ብሎ መራቅ ነው። ልጁ የታመመ ሰሞን ሁላችንም እንጠይቃለን፤ ሕመሙ ግን ዓመታት ይዘልቃል። እናቲቱ ልጁን የምትተውለት ሰው ስለሌላት ከጽዋ ማኅበሯ ትቀራለች፣ የቀሩት ልጆቿም ይረሳሉ። የሚጠቅማት በቀጠሮዋ ቀን አማኑኤል ሆስፒታል አብሯት ወረፋ የሚጠብቅ፣ የትራንስፖርቷን ገንዘብ የሚችልላት፣ ልጁን ለጥቂት ሰዓት የሚይዝላት ሰው ነው። በአንድ ማኅበር እናቶች ተራ ገብተው ይህን ጀምረዋል፤ በመጀመሪያው ቅዳሜ ልጁን የተቀበሏት እናት በዚያ ሰዓት ምን ልትሠራ እንደሆነ ሲጠይቋት፣ እንደምትተኛ ነገረቻቸው።