ከተለያየ ቦታ በተገዙ ክፍሎች የእጅ ሰዓት መገጣጠም

የጀማሪ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ገና ክፍሎቹ ሲገዙ ነው። ፊቱ ከአንድ ሻጭ፣ ቆጣሪዎቹ ከሌላ፣ ኬዙ (የሰዓቱ የውጭ አካል) ከሦስተኛ ይመጣና ጠረጴዛ ላይ ሲገናኙ የአንዱ ቀዳዳ ከሌላው ዘንግ በ0.05 ሚሊ ሜትር ይለያል። ያቺ ልዩነት በዓይን አትታይም፤ ቆጣሪውን ለማስጣል ግን ትበቃለች። ስለዚህ ካቻቢቴ ከመነሳቱ በፊት ወረቀትና ካሊፐር (የሚሊ ሜትር ክፍልፋይ የሚለካ መሣሪያ) ይዞ መቀመጥ የግድ ነው።

መጀመሪያ ማሽኑ

ለመጀመሪያ ሥራ የምንመክረው ማሽን ኤንኤች35 ነው። የሚያመርተው የሴኮ ቡድን ሲሆን፣ በሴኮ ስም በሚሸጡ ሰዓቶች ውስጥ 4አር35 ተብሎ ከሚገባው ጋር በአሠራር አንድ ነው። 24 ጁዌል (ዘንጎች የሚሽከረከሩባቸው ጠንካራ ድንጋዮች) አለው፤ በሰዓት 21,600 ጊዜ ይመታል፤ ሙሉ ከተሞላ 41 ሰዓት ያህል ይሠራል። በእጅም ይሞላል፣ መሙያው (በኬዙ ጎን ያለው የሚዞረው ቁልፍ) ሲሳብም የሰከንድ ቆጣሪው ይቆማል፤ በብዙ የቆዩ ሴኮ ፋይቮች ውስጥ ያለው 7ኤስ26 እነዚህን ሁለቱን አያደርግም። ትልቁ ጥቅሙ ለእሱ ተለክቶ የተሠራ ኬዝ፣ ፊትና ቆጣሪ እንደ ልብ መገኘቱ ነው። በኢንተርኔት ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 50 ዶላር ስለሚሸጥ አንዱ በእጅ ቢበላሽም የሚቀየር ነገር ነው።

የፈለጉት ፊት የቀን መስኮት ከሌለው ኤንኤች38ን ይግዙ። ኤንኤች35ን ቀን በሌለው ፊት ሥር መደበቅ ይቻላል፤ ነገር ግን መሙያውን ሲስቡ ምንም የማይሠራ አንድ ተጨማሪ ደረጃ ይቀራል፣ ሌሊትም ቀኑ በስውር ይዞራል። ሰዓቱን አይጎዳም፤ ለባለቤቱ ግን ሁልጊዜ ያልተጠናቀቀ ሥራ ይመስለዋል።

ከመግዛት በፊት የሚጻፉ ልኮች

ለኤንኤች35 የሚሠራ ፊት ስፋቱ በተለምዶ 28.5 ሚሊ ሜትር ነው። የቆጣሪዎቹ ቀዳዳ ለሰዓቱ 1.50፣ ለደቂቃው 0.90፣ ለሰከንዱ 0.20 ሚሊ ሜትር ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ለስዊዙ ማሽን ለኢቲኤ 2824 የተሠሩ ቆጣሪዎች 1.50፣ 0.90 እና 0.25 ናቸው። ሁለቱ ትልልቆቹ ልክ ስለሚገቡ ሁሉም የገጠመ ይመስላል፤ የሰከንዱ ግን ላላ ብሎ ይቀመጥና አንድ ቀን እጅ ሲወዛወዝ ወልቆ መስታወቱ ሥር ይንሸራተታል። ሻጩ ቀዳዳውን በቁጥር ካልጻፈ አይግዙ። ርዝመትም ይለካል፦ ከቀዳዳው መሃል እስከ ጫፉ። የደቂቃው ጫፍ የደቂቃ መስመሮቹን መንካት አለበት፤ ከዚያ ካጠረ ሰዓቱ የተውሶ ልብስ የለበሰ ይመስላል።

በጨለማ የሚያበራው ቀለምም እንዲሁ ይመሳከራል። ሲ3 የሚባለው አረንጓዴ ያበራል፣ ቢጂደብሊው9 ደግሞ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ፊቱ በአንዱ፣ ቆጣሪዎቹ በሌላው ከተቀቡ ቀን አይታወቅም፤ ማታ ግን ዓይን ይወጋል።

ቀጥሎ የመሙያው ቦታ። በሴኮ ኤስኬኤክስ007 ሰዓት ዓይነት ኬዝ ላይ መሙያው ከ3 ቁጥር ዝቅ ብሎ ወደ 4 ይጠጋል። ማሽኑ ከመሙያው ጋር አብሮ ስለሚዞር የቀኑ ቁጥሮች የታተሙበት ዲስክም ይዞራል። ስለዚህ ለ3 ሰዓት መሙያ የታተመ ዲስክ እዚህ ኬዝ ውስጥ ከገባ ቁጥሮቹ በመስኮቱ ውስጥ አንጋደው ይታያሉ። ማሽኑን ሲያዝዙ ዲስኩ ለ3 ወይስ ለ3.8 (ወደ 4 ለተጠጋው መሙያ) መሆኑን ይጠይቁ። ብዙ ፊቶች አራት እግር (ከጀርባቸው የወጡ ቀጫጭን ችንካሮች) ይዘው የሚመጡትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሁለቱ ለአንደኛው አቀማመጥ፣ ሁለቱ ለሌላኛው ያገለግላሉ። የማያስፈልጉትን ሁለቱን ከመቁረጥ በፊት ፊቱን ማሽኑ ላይ ደገፍ አድርገው፣ ዘንጉን በኬዙ መሙያ አቅጣጫ ይዘው ያረጋግጡ። በስህተት የተቆረጠ እግር መልሶ አይበቅልም፤ ፊቱን በማጣበቂያ መያዝ ብቻ ይቀራል፣ እሱም አስተማማኝ አይደለም።

የታወቀ ድርጅት ስም የታተመበት ግን ድርጅቱ ያልሠራው ፊት በየገበያው ሞልቷል። እንዲህ ያለውን አይግጠሙ። ስም የሌለው ፊት ይበልጥ ንጹሕ ነው፤ ሰዓቱ ነገ ቢሸጥ ወይም ቢወረስም ማንንም አያታልልም።

መሣሪያ

ጥሩ ካቻቢቴዎች ከ1.0 እስከ 1.6 ሚሊ ሜትር፣ ቀጭን ወረንጦ፣ የዓይን ማጉያ፣ የቆጣሪ መጫኛና መንቀያ፣ ማሽን መያዣ፣ የጀርባ ክዳን መፍቻ፣ በእጅ የሚጨመቅ አየር መንፊያ፣ የጣት ላስቲክ፣ ካሊፐር፣ ጠንካራ ሽቦ የሚቆርጥ ፒንሳ፣ ደቃቅ ሞረድ፣ የሲሊኮን ቅባት። ከዚህ ሁሉ ገንዘብ የማይቆጠብበት ካቻቢቴውና ወረንጦው ላይ ነው፤ ጫፉ የላሸ ካቻቢቴ ከብሎኑ ይንሸራተትና ማሽኑን ይጭራል። ማሽን በአፍ እፍ አይባልም፤ በትንፋሽ ያለው እርጥበት ዝገት ያመጣል።

ፊትና ቆጣሪ

ማሽኑ እንደደረሰ ምንም ሳይነካ ይሙሉትና አንድ ቀን ሙሉ ይሥራ። ጉድለት ካለው አሁን ይመለሳል፤ ከተገጠመ በኋላ ሻጩ አይቀበልም።

ፊቱ በእግሮቹ ላይ እኩል ተጭኖ ሲቀመጥ በጎን ሲታይ ክፍተት መኖር የለበትም። ከዚያ መሙያውን ወደ ሰዓት ማስተካከያ ስበው ቀኑ እስኪለወጥ ወደፊት ያዙሩ። ቀኑ በአንዴ አይዘልም፤ ቀስ እያለ ይሄድና መስኮቱ መሃል ላይ ሲወድቅ ያቁሙ። አሁን እኩለ ሌሊት ነው። የሰዓቱን ቆጣሪ ወደ 12 ቁጥር፣ ቀጥሎ የደቂቃውን በትክክል 12 ላይ ይጫኑ። ሲጫኑ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ብቻ፤ ካዘነበለ ያንሱና እንደገና ይሞክሩ። የደቂቃው ከተቀመጠ በኋላ አንድ ሙሉ 12 ሰዓት ያዙሩ። በ3፣ በ6 እና በ9 ላይ የሰዓቱ ቆጣሪ ከቁጥሩ መስመር ጋር ካልገጠመ አሁኑኑ ይነቀላል።

የሰከንዱ ቆጣሪ ትዕግሥት ይፈልጋል። የሚቀመጥበት ዘንግ ውፍረቱ 0.20 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ቀዳዳውን በዘንጉ አናት ላይ በወረንጦ አስቀምጠው፣ ራሱ ቀጥ ብሎ መቆሙን በማጉያ ካዩ በኋላ ብቻ ይጫኑ። ማሽኑ ከሥሩ በደንብ መደገፍ አለበት። በጎን የተገፋ ዘንግ ይታጠፋል፤ የታጠፈ ዘንግ ደግሞ ሰከንዱን እየዞረ ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። ሦስቱ ቆጣሪዎች በጎን ሲታዩ በመካከላቸው ብርሃን ማለፍ አለበት።

በኢትዮጵያ አቆጣጠር ለሚያነብ

ከላይ የተባለው አገጣጠም እኩለ ሌሊትን 12 ላይ ለሚያነብ ነው። ቆጣሪውን በሐበሻ ሰዓት አስተካክሎ የሚያስር ሰው ግን እኩለ ሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። በፋብሪካ የተገጠመ ሰዓት ላይ ይህን ካደረገ ቀኑ የሚለወጠው ቆጣሪዎቹ 12 ላይ ሲደርሱ፣ ማለትም ንጋት ላይ ወይም ጀምበር ስትጠልቅ ይሆናል። ሰዓቱን ራሱ የሚገጥም ሰው ይህን ማቃናት ይችላል። ቀኑ እንደተለወጠ የደቂቃውን 12 ላይ ይጫኑ፣ የሰዓቱን ግን 6 ላይ። ማሽኑ ውስጥ ምንም አይነካም፤ የተለወጠው የቆጣሪው አቅጣጫ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ቀኑ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ይዞራል። ባለቤቱ በፈረንጅ ያስተካከለውን ሰዓት በአእምሮው እየቀየረ የሚያነብ ከሆነ ግን በተለመደው መንገድ ይግጠሙ፤ ስለዚህ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቀኑን በመሙያው ማስተካከል የማይገባበት ጊዜ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ነው፤ በዚያ ጊዜ የቀን መለወጫው ጥርስ ተያይዟል፣ ተገድዶ ከተገፋ ይሰበራል። ቀን ማስተካከል ሲፈለግ ቆጣሪዎቹን ከዚያ ክልል ማውጣት ነው።

ዲስኩ 31 ቀን አለው፣ የኛ ወር 30። ስለዚህ ቀኑን በኢትዮጵያ ዘመን ለሚከታተል ሰው በየወሩ መጨረሻ 31ን አንድ ጊዜ ማሳለፍ አለ። የ5 ቀን ጳጉሜን ሲያልቅ ዲስኩ 6 ላይ ይሆናል፤ መስከረም 1 ለመድረስ 26 ጊዜ ይገፋል። ጳጉሜን 6 በሆነበት ዓመት ደግሞ 25 ጊዜ።

ዘንጉን መቁረጥ

ከማሽኑ ጋር የሚመጣው የመሙያ ዘንግ ሆን ተብሎ የረዘመ ነው፤ ለየኬዙ በልኩ ይቆረጣል። ዘንጉን ለማውጣት ከመግቢያው አጠገብ ያለችውን ትንሽ ጉድጓድ ያላትን ነጥብ በቀስታ ተጭነው ይሳቡ። በኃይል ከተጫኑ ውስጥ ያለው ማንሻ ከቦታው ይወጣል፤ ከዚያ ዘንጉ ቢገባም ሰዓት አያስተካክልም፣ ማሽኑም በፊት በኩል መከፈት አለበት።

ማሽኑን ከፕላስቲክ ቀለበቱ ጋር ኬዙ ውስጥ ያስገቡ። መስታወቱንና ፊቱን በአየር ያጽዱ፤ በማጉያ አይተው አንዲት ብናኝ ብትቀር እንኳ ያውጧት፤ ከተዘጋ በኋላ ሌላ ነገር አይታይዎትም። መሙያውን በረጅሙ ዘንግ ላይ አጥብቀው ያስገቡና እስከ መጨረሻው ይግፉ። በመሙያውና በኬዙ መካከል የቀረውን ክፍተት ይለኩ። ከዚያ ልኬት 0.5 ሚሊ ሜትር ቀንሰው ይቁረጡ፤ የቀረውን በሞረድ ትንሽ በትንሽ እየሞከሩ ያሳንሱ። ሲቆርጡ ዘንጉን በጨርቅ ውስጥ ይያዙ፤ ቁራጩ ይፈናጠራል፣ ዓይን ያወጣል። ከተቆረጠ በኋላ ጫፉን ክብ አድርገው ካልሞረዱት የመሙያውን ጥርስ ይበላዋል።

የሚጠመዘዝ መሙያ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ውስጡ ስፕሪንግ ስላለ ልኬቱ ያታልላል። ፈተናው ሦስት ነው፦ ሳይገደድ እስከ መጨረሻ ይጠመዘዛል፤ ሲፈታ ሰዓቱ በእጅ ይሞላል፤ ሲሳብ ሁለቱም ደረጃዎች ይሰማሉ። ለመጠምዘዝ ከተቸገረ ዘንጉ ረዝሟል። ተፈትቶ ሲሳብ ቆጣሪ የማያስተካክል ከሆነ ወይም መሙያው በእጅ ከወጣ አጥሯል፤ ያጠረ ደግሞ አይረዝምም። ሁለት መለዋወጫ ዘንግ አብሮ ማዘዝ ሳንቲም የማይባል ወጪ ነው።

ማስተካከልና መዝጋት

ፋብሪካው ለኤንኤች35 የሚፈቅደው ልዩነት በቀን ከ20 ሰከንድ መዘግየት እስከ 40 ሰከንድ መፍጠን ነው። በጥቂት ትዕግሥት ከዚህ በጣም ማሻሻል ይቻላል። የሰዓት መመርመሪያ መሣሪያ ካለ የማንሻ ማዕዘኑን (መሣሪያው የሚጠይቀውን የማሽኑን ቁጥር) 53 ዲግሪ አድርገው ያስገቡ። ባላንሱ (ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዘው መንኮራኩር) አጠገብ ሁለት ትንንሽ ማንሻዎች አሉ፤ አንዱ ፍጥነቱን፣ ሌላው የምቱን እኩልነት ይለውጣል። ፍጥነቱን ብቻ ለማስተካከል የመጣ ሰው ሁለተኛውን አይንካ። የሚንቀሳቀሰው የፀጉር ስፋት ያህል ነው፤ ከነኩ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ጠብቀው እንደገና ያንብቡ። መሣሪያ ከሌለ በስልክ ሰዓት ከ24 ሰዓት በኋላ ማወዳደርም ያደርሳል። ሰዓቱ በድንገት በቀን ብዙ ደቂቃ መፍጠን ከጀመረ ማግኔት ይዞታል፤ ማንሻውን አይንኩ፣ ማግኔቱን ያውጡለት።

ሰዓቱ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ቆጣሪዎች ተነካክተዋል። ክፍት ሆኖ ሠርቶ ክዳኑ ሲጠብቅ ከቆመ ማሽኑ በቀለበቱ ውስጥ እኩል አልተቀመጠም፣ ወይም ሮተሩ (በእጅ እንቅስቃሴ እየዞረ ሰዓቱን የሚሞላው ክፍል) ክዳኑን እየነካ ነው። ሮተሩ ሲንቀሳቀስ ከተንኳኳ የመሃል ብሎኑን ይመልከቱ።

የጀርባ ክዳኑንና የመሙያውን ጎማ ስስ አድርገው የሲሊኮን ቅባት ቀብተው ይዝጉ፤ የተቆነጠጠ ጎማ ውኃ ያስገባል። ክዳኑ ላይ 200 ሜትር ተብሎ ቢጻፍም የግፊት መሞከሪያ ያለው ሰዓት ሠሪ ሳያየው እጅ ከመታጠብ በላይ ውኃ አያስነኩት። ከተዘጋ በኋላ ሁለት ቀን ሳይታሰር ይተው፤ ቀኑ ሁለት ጊዜ ሲለወጥና ማሽኑ እስከ 41 ሰዓቱ ሲደርስ ካዩ በኋላ ማሰሪያው ይገባል።