ሴት አማልክት ከሞት ሲከላከሉ፦ በግሪክ አፈ ታሪክ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስለ ግሪክ ሴት አማልክት ሲወራ ቀድሞ የሚነሣው የትሮይ ጦርነት ጀግና የአኪሌስ ተረከዝ ነው። እናቱ፣ የባሕር አምላክ ቴቲስ፣ በሕፃንነቱ ስቲክስ በሚባለው የሙታን ዓለም ወንዝ ነከረችው፤ ጨብጣ የያዘችው ተረከዙ ብቻ ውኃ ሳይነካው ቀረ ይባላል። ይህን ታሪክ የጥንቱ ግሪካዊ ገጣሚ የሆሜር ነው ማለት የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት ነው። ስለ ትሮይ ጦርነት በሚተርከው ግጥሙ በኢልያድ ውስጥ እንዲህ የሚል አንድም መስመር የለም። እንዲያውም በ21ኛው መጽሐፍ፣ በሁለቱም እጁ ጦር የሚወረውረው የትሮይ ወገን ተዋጊ አስቴሮፓዮስ የአኪሌስን ቀኝ ክንድ ጭሮ ደሙን ያፈስሰዋል። የስቲክስን ታሪክ በጽሑፍ የምናገኘው ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኖረው ሮማዊ ገጣሚ በስታቲዩስ ዘንድ ነው። ነገሩ የሊቃውንት ጭቅጭቅ ብቻ አይደለም። የልጇ ገላ ብረት የማይበሳው ቢሆን ኖሮ ቴቲስ አንጥረኛው አምላክ ሄፋይስቶስ ደጅ ሄዳ ጋሻና ጥሩር ባልለመነች ነበር። የሆሜር ቴቲስ ልጇ በአጭር እንደሚቀጭ ቁርጡን አውቃ የምታለቅስ እናት ናት። ወንዙን ስንጨምርባት ይህን ሐዘኗን እንቀማታለን።

ሌላው ስህተት ጥበቃንና ዘላለማዊነትን ማምታታት ነው። የጥበብ አምላክ አቴና ከትሮይ ወደ አገሩ የሚመለሰውን ጀግና ኦዲሴዎስን ትመክረዋለች፣ መልኩን ለውጣ ከጠላቶቹ ትሰውረዋለች፤ ከሞት ነፃ ላድርግህ ግን አትለውም። ጉዞውን በሚተርከው የሆሜር ግጥም፣ በኦዲሴይ 3ኛ መጽሐፍ፣ አማልክት የሚወዱትን ሰው እንኳ ዕጣው ከደረሰ ከሞት ሊያስጥሉት እንደማይችሉ ራሷ ትናገራለች። እንዳትሞትና እንዳታረጅ ላድርግህ የምትለው በደሴቷ ያቆየችው አምላክ ካሊፕሶ ናት፤ እሱም ሟች ሚስቱንና አገሩን መርጦ እንቢ ይላታል።

የእህል አምላክ ዴሜትር ሕፃኑን ዴሞፎንን እሳት ውስጥ የምታስገባው በጭካኔ የሚመስለውም አለ። በኤሌውሲስ ከተማ ሞግዚት ሆና ቀን የአማልክትን ምግብ አምብሮሲያ ትቀባዋለች፤ ሌሊት ሟችነቱን ልታስወግድለት እሳት ውስጥ ትሸሽገዋለች። እናቱ ሜታኔራ አይታ ስትጮህ ሥራው ተበላሸ፤ ልጁም ሟች ሆኖ ቀረ።

አለመሞትንና አለማርጀትን አንድ አድርጎ ማየትም የተለመደ ነው። የንጋት አምላክ ኢዮስ ራሷ የተሳሳተችው እዚህ ላይ ነው። ትሮያዊው ወዳጇ ቲቶኖስ እንዳይሞት የአማልክትን ንጉሥ ዜውስን ለመነች፤ ወጣትነቱ እንዲጸና መለመን ግን ረሳች። የመጀመሪያዎቹ ሽበቶች ከራሱና ከጢሙ ብቅ ሲሉ ከአልጋው ራቀች፤ ቢሆንም እህልና አምብሮሲያ እየመገበች፣ ያማረ ልብስ እያለበሰች በቤቷ አኖረችው። እጅና እግሩን ማንቀሳቀስ ሲያቅተው እልፍኝ ውስጥ አስተኝታ በሩን ዘጋችበት። ድምፁ ብቻ ያለማቋረጥ ይፈስሳል። ለአፍሮዲቴ በተደረሰው ጥንታዊ መዝሙር የተተረከው ይህ ነው፤ በግሪክ አፈ ታሪክ ከዚህ የከፋ ስጦታ አላየሁም።

የሮማውያንን ስሞች፣ ሚኔርቫን ለአቴና፣ አውሮራን ለኢዮስ፣ በአንድ ትረካ ውስጥ መቀላቀል አንባቢን ያደናግራል። አንዱን መርጦ መጽናት ነው።

የኢዮስና የቲቶኖስ ልጅ ሜምኖን ነው፤ ግሪኮች የኢትዮጵያውያን ንጉሥ የሚሉት። እዚህ ላይ የእኛ ሰው ደስ ብሎት ይቸኩላል። ግሪኮች በዚህ ስም የሚጠሩት በዓለም ዳርቻ፣ ፀሐይ በምትወጣበትና በምትጠልቅበት ይኖራሉ ያሏቸውን ሕዝቦች ስለነበር፣ የዛሬውን ካርታ በቀጥታ ልናነጥፍበት አንችልም። ሜምኖንን አኪሌስ ሲገድለው ኢዮስ ዜውስን ለምና ዘላለማዊነትን አስገኘችለት። ይህ የተነገረበት ግጥም ጠፍቶ ዛሬ የቀረን ማጠቃለያው ነው። በዚያው ግጥም ቴቲስም የአኪሌስን ሬሳ ከሚቃጠልበት እንጨት ነጥቃ ከሞት በኋላ ወደሚኖርባት ነጭ ደሴት ትወስደዋለች።

ኦዲሴይ ግን አኪሌስን በሙታን ዓለም ያሳየናል፤ በሙታን ላይ ከመንገሥ መሬት ለሌለው ድሃ ተቀጥሮ መሥራት ይሻለኛል ሲል። ከሁለቱ አንዱን ትክክለኛ፣ ሌላውን ሐሰት ማለት የመጨረሻው ስህተት ነው። ግሪኮች ሁለቱንም ያወጉ ነበር፤ ጸሐፊው የሚጠበቅበት የትኛውን እንደያዘ መናገር ብቻ ነው።