የፊልም ሐሳባችሁን መልሰው ይንገሯችሁ

የፊልም ሐሳብ ጭንቅላት ውስጥ እያለ ሁሌም ያምራል። ጉድለቱ የሚታየው 60ኛው ገጽ ላይ ሲደረስ ነው። አንድ የስክሪፕት ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ስለሆነ፣ የአንድ ሰዓት ፊልም ባከነ ማለት ነው።

ከመጻፋችሁ በፊት ታሪኩን ለአንድ ሰው በሁለት ደቂቃ በቃል ንገሩት። «እንዴት ነው?» አትበሉት፤ ወዳጅ ከሆነ «አሪፍ ነው» ማለቱ አይቀርም። ከሦስት ቀን በኋላ እሱ መልሶ ይንገራችሁ። ዝም ብላችሁ ስሙ፣ አታርሙት። «ልጅቷ ደብዳቤውን ደበቀች፣ ከዚያ... ብቻ የሆነ ነገር ተፈጠረና ወንድሟ ታሰረ» ካለ ክፍተቱ እዚያ ጋ ነው። ሰው በምክንያትና በውጤት የተያያዘውን ይይዛል፤ እንዲሁ የተደረደረውን ይጥለዋል።

ይህ ዘዴ ከታሪኩ ይልቅ በድባብና በምስል ላይ ለሚቆም ፊልም ግን አይሠራም። ያንኑ ሰውም የረቂቁ የመጀመሪያ አንባቢ አታድርጉት፤ መጨረሻውን አውቆታላ!