ስፕሬይ ገን ስታስተካክሉ እነዚህን አትሳሳቱ፦ አዲሱ ቀለም ከፋብሪካው ጋር እንዲመሳሰል

ቀለሙ ልክ ገብቷል። ቅይጡ ላይ ምንም አይወጣለትም። ግን በሩን ከሩቅ ያየ ሰው ሁሉ "ይሄ መኪና ተቀብቷል" ይላል። ብዙ ጊዜ የሚያሳብቀው የቀለሙ ዓይነት ሳይሆን ገጹ ነው። አዲሱ በር ልሙጥ ሆኖ ያብረቀርቃል፤ አጠገቡ ያለው ፓራፋንጎ ደግሞ በስሱ ጎርበጥ ይላል። ወይም ተቃራኒው ይሆናል።

የብርቱካን ልጣጭ የሚመስለው ይህ ገጽ ከፋብሪካም አብሮ ይመጣል። እዚያ የሚረጩት ሮቦቶች ናቸው። ጫፋቸው ላይ ያለው ደወል መሰል ጭንቅላት በደቂቃ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዙር እየተሽከረከረ ቀለሙን ይበትናል። ጠብታዎቹም በኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ላሜራው ይሳባሉ። እኛ ያለን የታመቀ አየርና ቃታ ነው። ስለዚህ የምንኮርጀው አሠራሩን ሳይሆን ውጤቱን ነው።

መስታወት ማሳደድ

ለኤግዚቢሽን የሚዘጋጅ መኪና ሙሉ በሙሉ ሲቀባ መስታወት ቢመስል ያምርበታል። አንድ በር ብቻ ስትቀቡ ግን ከጎረቤቶቹ የበለጠ ልሙጥ ማድረግ ችሎታ ማሳየት እንጂ ማመሳሰል አይደለም። እንደኔ እንደኔ ብዙ ጎበዝ ቀቢዎች የሚስቱት እዚህ ጋ ነው፤ እጃቸው ጥሩ ስለሆነ።

የተሳሳተ ላሜራ ማየት

ኮፈኑን አይታችሁ በር አትቀቡ። በብዙ መኪኖች ላይ የቆሙት ላሜራዎች ከተኙት ይልቅ ጎርባጣ ናቸው። ማመሳከሪያችሁ ከሥራው አጠገብ ያለው፣ እንደሱው የቆመ ላሜራ ይሁን። እሱ ራሱ ቀድሞ ተቀብቶ እንዳይሆን በሌላኛው ጎን ካለው አቻው ጋር አስተያዩት። አጥባችሁ አድርቁትና የረጅም አምፖል ነጸብራቅ ጣሉበት። የነጸብራቁ ጠርዝ ምን ያህል ይንቀጠቀጣል? ሞገዱ ሰፋፊ ነው ወይስ ደቃቅ? ይህን ሳታውቁ ገኑን መነካካት በጭፍን መሄድ ነው።

ግፊቱን ኮምፕረሰሩ ላይ ማንበብ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ኮምፕረሰሩ ላይ ያለው ጌጅ የሚነግራችሁ ኮምፕረሰሩ ጋ ያለውን ነው። አየሩ በጎማው፣ በማጣሪያውና በመጋጠሚያው ሲያልፍ ግፊቱ ይወርዳል። ጎማው ቀጭንና ረጅም ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ጌጁ ገኑ እጀታ ሥር መሆን አለበት። የሚነበበውም ቃታው ተስቦ አየር እየወጣ ሳለ ነው። ቃታው ሳይነካ 2 ባር ያሳየ ጌጅ ሲሳብ በጣም ዝቅ ሊል ይችላል።

ኤችቪኤልፒ የሚባሉት (ብዙ አየር በዝቅተኛ ግፊት የሚረጩ) ገኖች አየሩ ከካፑ፣ ማለትም ገኑ አፍ ላይ ካለው ባለ ቀዳዳ ክዳን፣ ሲወጣ ግፊቱ ከ0.7 ባር እንዳይበልጥ ተደርጎ ነው የተሠሩት። መግቢያው ላይ ብዙዎቹ 2 ባር አካባቢ ይጠይቃሉ። ትክክለኛው ቁጥር የገኑ መመሪያ ላይ አለ፤ መነሻችሁ እሱ ይሁን።

ከዚያ በኋላ ግፊቱ ዋናው መሣሪያችሁ ነው። ሲቀንስ ጠብታው ይተልቃል፣ ገጹም ጎርበጥ ይላል። ሲጨምር ጠብታው ይደቃል፣ ገጹም ይለሰልሳል። ግን እስከ ልኩ ብቻ! ከልክ ካለፈ ጠብታዎቹ ላሜራው ላይ ሳይደርሱ መድረቅ ይጀምሩና ገጹ መልሶ ይሻክራል። ሁለቱን ሸካራዎች መለየት ልመዱ። ጠብታው ተልቆ የመጣው ክብ ክብና የሚያብረቀርቅ ነው። በመድረቅ የመጣው ደግሞ አቧራ የነካው ይመስል ይደበዝዛል፣ እጅንም ይከረክራል። የፋብሪካውን የሚመስለው የመጀመሪያው ነው። በ0.2 ባር እየዘለላችሁ ሞክሩ፤ ከዚያ በላይ ስትዘሉ የምትፈልጉትን አልፋችሁት ትሄዳላችሁ።

ሦስቱንም ብሎን አንዴ ማዞር

የማራገቢያው (ቀለሙ ሲረጭ የሚዘረጋበት ቅርጽ) ስፋት፣ የቀለሙ መጠንና አየሩ እርስ በርስ የተሳሰሩ ናቸው። ሁሉንም አንዴ ካዞራችሁ የቱ ምን እንዳመጣ አታውቁም። አንዱን ንኩ፣ ወረቀት ላይ ርጩ፣ እዩ። መሐሉ ወፍሮ ጫፎቹ ከሳሱ ቀለሙ በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል። መሐሉ ሳስቶ ሁለቱ ጫፎች ከወፈሩ አየሩ በዝቷል ወይም ቀለሙ አንሷል።

ቅርጹ እንደ ጨረቃ ወደ አንድ ጎን ከጎበጠ ግን ማስተካከያውን ተዉት፤ የሆነ ቦታ ቆሻሻ አለ። የአየር ካፑን ግማሽ ዙር አዙሩና እንደገና ርጩ። ጉብጠቱ አብሮ ከዞረ ችግሩ ካፑ ጋ ነው። ባለበት ከቀረ ደግሞ ኖዝሉ (ቀለሙ የሚወጣበት ጫፍ) ጋ። ስታጸዱ ቀዳዳዎቹን በሽቦ አትጎርጉሩ፤ ከሰፉ ካፑ አለቀለት።

በቲነር መገላገል

ጎርበጥ አለ ሲባል ቲነር መጨመር የተለመደ ነው። እውነት ነው፣ ይለሰልሳል። ግን ቀለሙ ይወርዳል፣ ሽፋኑ ይሳሳል፣ ውስጡ የታመቀው ቲነርም በኋላ ነጥብ ነጥብ እያደረገ ይወጣል። ቅልቅሉ እንደ አምራቹ ሠንጠረዥ ይሁን። ለአየሩ ሙቀት የሚሆን ሃርድነር (ማጠንከሪያ) እና ቲነር መምረጥ ይሻላል፤ ፈጣኑን በሙቀት ከተጠቀማችሁ ክሊሩ (ከቀለሙ በላይ የሚረጨው ቀለም አልባ ሽፋን) ሳይተኛ ይይዛል። ቀዝቃዛ ክፍል ያደረ ክሊር ደግሞ ወፍራም ስለሆነ በተለመደው ግፊት አይበተንም። ሃርድነሩ አይሶሲያኔት የሚባለው ለሳንባ አደገኛ ኬሚካል ካለበት ደግሞ የአቧራ ማስክ ምንም አያድንም፤ ንጹሕ አየር ከውጭ የሚያስገባ ጭንብል ያስፈልጋል።

የኖዝሉም መጠን አይረሳ። ለክሊር ብዙውን ጊዜ 1.3 ወይም 1.4 ሚሊ ሜትር ነው።

እጅን መርሳት

ገኑ በትክክል ተስተካክሎ እጅ ከዋዠቀ ዋጋ የለውም። ርቀቱ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይሁን፣ ፍጥነቱም አንድ ዓይነት። ክንድ ከላሜራው ጋር ትይዩ ሆኖ ይሂድ እንጂ በእጅ አንጓ ብቻ ቀስት አትሥሩ።

ሜታሊኩ ላይ ገጽ መፈለግ

ገጹን የምታመሳስሉት ክሊሩ ላይ ነው። ሜታሊክ ቀለም ላይ ግፊት ስትለዋውጡ የአልሙኒየሙ ቅንጣቶች አተኛኘት ይቀየራል። እርጥብ ሲረጭ ይጠቁራል፣ ደረቅ ሲረጭ ይነጣል። ገጹን አመሳስላለሁ ስትሉ ቀለሙ ያመልጣችኋል።

ሙከራውን አስተኝቶ መርጨት

በር የምትቀቡ ከሆነ መሞከሪያው ላሜራ ይቁም። የተኛ ላይ ክሊሩ ይሰበሰብና ይለሰልሳል፣ የቆመው ላይ ያ አይደገምም። የሽፋኑ ብዛትና በመካከል የሚጠበቀው ደቂቃም ከእውነተኛው ሥራ ጋር አንድ ይሁን። እርጥብ እያለም አትፍረዱ፤ ሲደርቅ ገጹ ይለወጣል።

በመጨረሻ በሁለት ማስተካከያዎች መሐል ከዋለላችሁ በጥቂቱ ጎርበጥ የሚለውን ምረጡ። ከጠነከረ በኋላ በ2000 ብርጭቆ ወረቀት ተነክቶ ሲወለወል ይለሰልሳል። ከልክ በላይ የለሰለሰውን ግን እንደገና ካልረጫችሁ ጎርባጣ ማድረግ አይቻልም። አዲሱ ልሙጥ ሆነ ብሎ የጎረቤቱን የፋብሪካ ክሊር መሞረድም አያዋጣም። እሱ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ብቻ ነው፤ በተሞረደ ቁጥር ከፀሐይ የሚከላከለው እየሳሳ ይሄዳል።