ጎንደር ላይ ሱቅ ወይም ሆቴል ልትገዙ ነው? ልትከራዩ? መጀመሪያ ይዞታውን እወቁ

ደላላ መጀመሪያ የሚነግራችሁ ዋጋ ነው። ቀጥሎ ቦታው ምን ያህል ገበያ እንዳለው ያወራችኋል። ይዞታው ምን እንደሆነ ግን ካልጠየቃችሁት አያነሳውም። እኔ የምመክረው ከዚያ እንድትጀምሩ ነው። ቤቱ የማን ነው? መሬቱ በምን ተይዟል? እኔ ብሬን የምከፍለው ለምኑ ነው? እነዚህ ሦስቱ ሳይመለሱ ቀብድ አትስጡ። ቀብድ የሰጠ ሰው ከውሉ ከወጣ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ከወጣ ደግሞ እጥፍ ይመልሳል፤ ስለዚህ ለመያዣ ያህል ብላችሁ የምትሰጧት ገንዘብ ቀላል አይደለችም።

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም። "ቦታ ገዛሁ" ስንል የገዛነው ቤቱንና በቦታው የመጠቀም መብቱን ነው። ያ መብት ደግሞ ከቤት ቤት ይለያያል።

መሀል ከተማ ያሉ የቆዩ የግል ቤቶች ብዙ ጊዜ ነባር ይዞታ ናቸው፣ ማለትም ሊዝ (መሬትን ለተወሰነ ዓመት በክፍያ ከመንግሥት መያዝ) ከመምጣቱ በፊት የተያዙ። ሻጩ በየዓመቱ ትንሽ የቦታ ኪራይና ግብር እየከፈለ ኖሯል፣ እናንተም እንደዚያው የምትቀጥሉ ይመስላችኋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721፣ ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ ውጭ በሆነ መንገድ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ገዢው ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ነው ይላል። ስለዚህ ከመዋዋላችሁ በፊት ወደ መሬት አስተዳደር ሂዱና ስሙ ወደ እናንተ ሲዞር የሚመጣውን የሊዝ ክፍያ ጠይቁ፤ ከዚያ ነው ከሻጩ ጋር ዋጋ የምትነጋገሩት።

ቦታው ቀድሞውኑ በሊዝ የተያዘ ከሆነ የሊዝ ውሉን ራሱን እዩ። ያው አዋጅ ከአዲስ አበባ ውጭ ላሉ ከተሞች ለንግድ የሚሰጠውን ሊዝ እስከ 70 ዓመት አድርጎታል። ስንቱ ዓመት አልፏል? ስንት ውዝፍ ክፍያ አለ? ካርታው ላይ የተጻፈው አገልግሎት ንግድ ነው ወይስ መኖሪያ? ግንባታው ካልተጀመረ ወይም ግማሽ ካልደረሰ ደግሞ ተጠንቀቁ፣ እንዲህ ያለ ቦታ እንደ ሻጩ ፍላጎት በፈለገው ዋጋ የሚተላለፍ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ወደ ቀበሌ ቤት። በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የተወረሱ ትርፍ ቤቶች እስከዛሬ የመንግሥት ሆነው የሚከራዩ አሉ። ፒያሳና አራዳ አካባቢ ሱቅ ካገኛችሁ፣ በተለይ የጣሊያን ዘመን ቤት ከሆነ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ። "የምሸጥላችሁ ቁልፉን ነው" የሚል ሰው ሲመጣ፣ የሚሸጠው ቤት የለውም። እሱም ተከራይ ነው። ዕቃውን፣ መደርደሪያውን፣ ደንበኛውን ሊሸጥ ይችላል፤ የመንግሥትን ቤት ግን ለሌላ ማስተላለፍ አይችልም። አንዳንዱ ይህን ለማለፍ የሽርክና ውል እንጻፍ ይላል። እባካችሁ አትግቡበት። ነገ ቤቱን የሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት ቆጠራ ሲያደርግ ውሉ ላይ ያለው ስም የእናንተ አይደለም፣ የቁልፍ ብላችሁ የሰጣችሁትን ብዙ ብርም የሚያስመልስላችሁ ወረቀት አይኖርም። መንገዱ አንድ ነው፦ ከክፍለ ከተማው ቤቶች አስተዳደር ጋር በስማችሁ ውል እንደሚደረግ በጽሑፍ ሳታረጋግጡ ብር አታውጡ።

ለሥራ ዕድል ፈጠራ የተሰጡ ሼዶችም ከዚህ ብዙ አይለዩም፣ ለተደራጁት ወጣቶች በጊዜ ገደብ የተሰጡ ናቸው። የቤተክርስቲያን ሱቅ ከሆነ የሚያዋውላችሁ ሰበካ ጉባኤው ነው፣ በሱቁ ያለው ነጋዴ አይደለም። የኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ሱቅ ግን የራሱ ካርታ ሊኖረው ስለሚችል በአግባቡ ይሸጣል፣ የጋራ ወጪውን ብቻ ጠይቁ። አዘዞን አልፎ በከተማው ዳር ከአርሶ አደር ላይ በእጅ ጽሑፍ የሚሸጥ ቦታን በተመለከተ የምለው አጭር ነው፣ ተዉት።

ከግለሰብ ስትከራዩ ሌላ ጉዳይ አለ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ ቁጥጥር አዋጅ የሚጠብቀው የመኖሪያ ቤት ተከራይን ነው። የሱቅ ተከራይን የሚጠብቀው ውሉ ነው። ስለዚህ ዓመቱን፣ ጭማሪው በስንት በመቶና በየስንት ጊዜ እንደሆነ፣ የማስለቀቂያ ማስጠንቀቂያውን፣ ያደሳችሁት ነገር ለማን እንደሚቀር፣ ሥራውን ስትሸጡ ኪራዩ ለገዢው ይዛወር እንደሆነ በግልጽ አስጽፉ። ካፌ ላይ ብዙ ብር አፍስሳችሁ የአንድ ዓመት ውል ብቻ መያዝ ልብ አያሳርፍም። ከአምስት ዓመት የሚበልጥ ውል ከሆነ ደግሞ አስመዝግቡት፤ ካልተመዘገበ ቤቱን የሚገዛው ሰው ላይ መቃወሚያ አይሆናችሁም።

ቤቱን ሳይሆን ሥራውን፣ ማለትም የንግድ መደብሩን ከነስሙና ከነዕቃው የምትገዙ ወይም የምትከራዩ ከሆነ፣ ለምሳሌ ለጥምቀት ሰሞን ደርሳችሁ ሆቴል ልትይዙ ስትሉ፣ ሁለት ወረቀት ይለያይ፦ አንዱ የቤቱ ኪራይ፣ ሌላው የመደብሩ። ዕቃው አልጋ በአልጋ፣ ማሽን በማሽን ተዘርዝሮ ይፈረም። በሰው ንግድ ፈቃድ አትሥሩ፣ ፈቃድ አይከራይም። ባለመደብሩ የግብር ዕዳ እንደሌለበት የሚያሳይ ክሊራንስ ከገቢዎች ያምጣ በሉ። ፋሲል ግንብ ዙሪያና በሌሎቹ ቅርሶች አጠገብ ከሆነ ደግሞ ግድግዳ ማፍረስም ሆነ ፎቅ መጨመር በራሳችሁ የምትወስኑት አይደለም። ኪራዩን ከመክፈላችሁ በፊት ልታድሱ ያሰባችሁትን ለከተማውና ለባህልና ቱሪዝም መምሪያ አሳዩ።

የሚገዛ ቤት ላይ ሁልጊዜ ዋናውን ካርታ እዩ፣ ኮፒ አይበቃም። ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን ከመሬት አስተዳደር በቅርብ ቀን በተጻፈ ማስረጃ አረጋግጡ፣ ለባንክ ብድር መያዣ የተደረገ ቤት ብዙ ነውና። ባለትዳር ከሆነ ባልም ሚስትም ይፈርሙ፣ የውርስ ቤት ከሆነ ሁሉም ወራሾች ይምጡ፤ "ወንድሜ ውጭ ነው፣ ተስማምቷል" የሚል ቃል አይበቃም፣ ውክልናው ይታይ። ውሉ ሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ይፈረም። ዋጋውንም አሳንሳችሁ አታስጽፉ፣ ጠብ ቢነሳ ፍርድ ቤት የሚያየው ውሉ ላይ ያለውን ነው። የመጨረሻውን ክፍያ ደግሞ ስመ ሀብቱ ዞሮ ካርታው በስማችሁ እስኪወጣ ድረስ በባንክ ዝግ ሒሳብ እንዲቆይ ተዋዋሉ።