«የኢቫን ኢሊች ሞት»ን ስናነብ የምንሠራቸው ስህተቶች

የሊዮ ቶልስቶይ «የኢቫን ኢሊች ሞት» በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1886 ታተመ። 12 ምዕራፍ ብቻ ያለው፣ በአንድ ምሽት የሚያልቅ አጠር ያለ ልቦለድ ነው። ቶሎ ማለቁ ግን ብዙ አንባቢ ያሳስታል።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ስህተት የመጀመሪያውን ምዕራፍ በጥድፊያ ማለፍ ነው። ሰውዬው መሞቱ ከርዕሱ ታውቋል። ገና ከመግቢያው ባልደረቦቹ የሞቱን ዜና ጋዜጣ ላይ ያነባሉ። «እንግዲህ ምን ቀረ?» ያለ አንባቢ ወደ ሕይወት ታሪኩ ይቸኩላል። እኔም መጀመሪያ ያነበብኩት እንዲያ ነበር፤ ስመለስበት የመጽሐፉን ልብ እዚያ አገኘሁት። ባልደረቦቹ ዜናውን እንደሰሙ በየልባቸው የሚያሰሉት የሟቹ ወንበር ለማን እንደሚደርስ ነው። አንደኛው፣ ፒዮትር ኢቫኖቪች፣ ለቅሶ ሊደርስ ይሄዳል። የተቀመጠበት ዝቅ ያለ መቀመጫ ሞላው ተበላሽቷል። የሟች ሚስት ጥቁር ሻርፕ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ሲያያዝባት ሊያላቅቅላት ብድግ ይላል፤ ሞላው ከታች ይገፋዋል። ይቀመጣል፤ እንደገና ይነሣል፤ መቀመጫው ይንቋቋል። ከዚያ ሴትየዋ አልቅሳ ስታበቃ ባሏ በመሞቱ ከመንግሥት ግምጃ ቤት ገንዘብ የምታገኝበትን መንገድ ትጠይቀዋለች። ጉዳዩን ግን ከእርሱ የበለጠ አጣርታ ጨርሳለች። እርሱም ከለቅሶው ወጥቶ ለካርታ ጨዋታው ይደርሳል። ይህን ትዕይንት ስቀን ብቻ ካለፍነው፣ ቶልስቶይ እኛንም እዚያ መቀመጫ ላይ እንዳስቀመጠን ሳናይ እንቀራለን።

በስሙም ብዙዎች ይሳሳታሉ። «ኢሊች» የቤተሰብ ስም አይደለም፤ የቤተሰቡ ስም ጎሎቪን ነው። ኢሊች ማለት «የኢልያ ልጅ» ነው። ራሽያውያን ሰውን በአክብሮት ሲጠሩ ስሙን ከአባቱ ስም ጋር ያያይዛሉ። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ኢቫን ዮሐንስ ነው፣ ኢልያ ደግሞ ኤልያስ። ዮሐንስ ኤልያስ ብላችሁ አንድ ምዕራፍ አንብቡትና ሰውዬው ምን ያህል እንደሚቀርባችሁ እዩ።

ሌላው ስህተት ኢቫንን ክፉ ሰው ማድረግ ነው። ጉቦ የማይበላ፣ ሥራውን በሥርዓት የሚሠራ ዳኛ ነው። ቶልስቶይ ሕይወቱን እጅግ ተራና እጅግ አስፈሪ ይለዋል፤ አስፈሪነቱን ከተራነቱ መነጠል አይቻልም። በሰውዬው ላይ ጥፋት የምንቆፍረው እርሱ ሌላ፣ እኛ ሌላ እንድንሆን ነው። ኢቫን ራሱ ያደረገውም ይህንኑ ነበር። በልጅነቱ የተማረውን የሎጂክ ምሳሌ ያስታውሳል፦ ካይዮስ ሰው ነው፤ ሰው ሟች ነው፤ ስለዚህ ካይዮስ ሟች ነው። ለካይዮስ ልክ ነው፤ ለእርሱ ግን እንዴት ይሆናል? ያ ትንሹ ኢቫን የሚወደውን፣ መስመር መስመር ያለበትን የቆዳ ኳስ ሽታ ካይዮስ መች ያውቀዋል?

በሽታውን ለማወቅ መድከምም ከመንገድ ያወጣል። መጋረጃ እንዴት እንደሚሰቀል ሲያሳይ ከመሰላል ተንሸራቶ ጎኑን ተመታ። ሐኪሙ ኩላሊት ይሁን አንጀት እያለ ያመዛዝናል። ታማሚው የሚፈልገው ግን አንድ መልስ ነበር፦ አደገኛ ነው ወይስ አይደለም? ሐኪሙ ይህን ጥያቄ ችላ ብሎ አለፈው። ኢቫን ይህን አተያይ ያውቀዋል፤ በችሎት ተከሳሾችን የሚያየው እርሱ ራሱ እንዲሁ ነበርና።

የቤቱን አገልጋይ ገራሲምንም መልአክ አታድርጉት። ጤናማ የገበሬ ልጅ ነው፤ የታማሚውን ሰገራ ያወጣል፣ ሕመሙ ቀለል እንዲለው እግሮቹን ትከሻው ላይ ይይዝለታል። ሁላችንም እንሞታለን፣ ታዲያ ብደክም ምን አለበት ይላል። ሌላው ሁሉ «ትድናለህ» እያለ ሲዋሽ እርሱ አይዋሽም።

በመጨረሻ፣ መጨረሻውን አትሩጡበት። ኢቫን ሦስት ቀን ሙሉ ይጮሃል። ከዚያ የሚወራጨው እጁ የተማሪ ልጁ ራስ ላይ ያርፋል፤ ልጁ እጁን ይዞ ይስመውና ያለቅሳል። ኢቫን ሚስቱን «ፕሮስቲ»፣ ይቅር በይኝ፣ ሊላት ፈልጎ «ፕሮፑስቲ»፣ አሳልፊኝ፣ አለ። ለማረም አቅም አልነበረውም፤ መረዳት ያለበት እንደሚረዳው አውቆ እጁን አወዛወዘ። በራሽያኛ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለችው አንዲት ትንሽ ክፍለ ቃል ናት። እዚህ ላይ መጽሐፉን አጠፍ አድርጋችሁ ቆዩ፤ የቀሩት መስመሮች ጥቂት ናቸው።