ከሕመምተኛ ጋር ለሚውሉ፦ የቲቤት ቡድሂስቶችን የርኅራኄ ልምምድ እንዴት እንጀምር

ይህን የምጽፈው ሕመምተኛና አረጋዊ ለምትንከባከቡ ነው፤ ነርሲንግ ሆም ሌሊት ለምትሠሩ፣ ሰው ቤት ተቀጥራችሁ አቅመ ደካማ ለምታነሡና ለምታጥቡ፣ እናታችሁ አልጋ ላይ ለዋለችባችሁም። ሥራው የሚጨርሰው ጉልበት ብቻ ቢሆን ኖሮ እንቅልፍ ይመልሰው ነበር። ግን ሺፍት አልቆ ቤት ስትገቡ የሰዎቹ ለቅሶ አብሯችሁ ይገባል። ሲቆይ ደግሞ ልብ ይደነድናል፤ ደወል ሲጮኽ የሚታያችሁ የክፍል ቁጥር ብቻ ይሆናል። ሁለቱንም በሥራ ባልደረቦቼ ላይ አይቻለሁ፤ ሁለቱም ያሳዝኑኛል።

ልምምዱን ያሳየችኝ እዚህ ሚኒሶታ አብራኝ የምትሠራ ቲቤታዊት ናት። ሕንድ ውስጥ፣ የቲቤት ቡድሂስቶች የሃይማኖት መሪ ዳላይ ላማ በሚኖሩባት በዳራምሳላ ነው ያደገችው። የአገሯ ልጆች እኛ እትዬ እንደምንለው «አቻ ላ» ይሏታል፤ እኔም እንደዚያው እጠራታለሁ። በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይታለች፤ ግን ሌሊት ሰው ሲያቃስት ሰምታ ፊቷ ሲጠቁር አይቼ አላውቅም። ምስጢሩን ስጠይቃት «እኔ ለእነሱ መሥራት የምጀምረው ሕንጻው ውስጥ ሳልገባ ነው» አለችኝ።

ለሚጠይቁኝ አስቀድሜ ልመልስ፤ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ጾሜንም ጸሎቴንም አልተውኩም። ዳላይ ላማም ሰው የአባቶቹን ሃይማኖት ይዞ እንዲቆይ ደጋግመው ይመክራሉ። ልምምዱ ግን የቡድሂስቶች ነውና ባለቤቶቹን ሳልጠራ ላስተምረው አልፈልግም።

ስሙ ቶንግሌን ነው፤ መስጠትና መቀበል ማለት ነው። ሥሩን በ11ኛው ክፍለ ዘመን ከሕንድ ወደ ቲቤት ከተሻገረው መምህር ከአቲሻ ይቆጥሩታል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ጌሼ ቼካዋ የተባለ መነኩሴ በሰባት ነጥቦች አሰናድቶ ጻፈው። እስከዚያ ድረስ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በአብዛኛው በጆሮ የሚተላለፍ ነበር። ቼካዋ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን አስተማረው፤ ክፉ ጠባይ የነበረው ወንድሙም ከበር ኋላ ተደብቆ ሲያዳምጥ ተለወጠ፤ ከዚያ ወዲያ ትምህርቱ ለሁሉም ተገለጠ ብለው ይተርካሉ። ከሕሙማን መካከል የወጣ ትምህርት መሆኑ ለእኛ ሥራ የቀረበ ያደርገዋል።

አቀማመጡ ቀላል ነው። እግር ማጠፍ ግዴታ አይደለም፤ ወንበር ላይ ጀርባችሁን አቅንታችሁ፣ እግራችሁን መሬት አስረግጣችሁ ተቀመጡ። አቻ ላ መኪና ማቆሚያው ላይ ትቀመጣለች፤ ሺፍቷ ሳይደርስ ቀደም ብላ ትመጣና ስልኳን አጥፍታ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ ታኖራለች። 15 ደቂቃ ይበቃል። የመጀመሪያውን ሁለት ሦስት ደቂቃ ትንፋሻችሁን ብቻ ተከታተሉ፤ አታስረዝሙት፣ አታሳጥሩት። አእምሮ እየተንከራተተ ልምምዱን መጀመር ትርፉ ድካም ነው።

ቀጥሎ ሰው መምረጥ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙዎች ይቸኩላሉ። «ለዓለም ሕዝብ ሁሉ» ብሎ መጀመር የሚያምር ይመስላል፤ ልብ ግን የሚይዘው ነገር ያጣል። በ5ኛው ክፍለ ዘመን ስሪላንካ ውስጥ የጻፈው የቡድሂስት ሊቅ ቡድሃጎሳ ርኅራኄን የሚለማመድ ሰው ዓይኑ ካየው አንድ ጎስቋላ እንዲጀምር ይመክራል። የሞተ ሰውም አትያዙ ይላል። በሞተው መምህሩ ላይ ፍቅርን ሊያሰላስል ሞክሮ አልሆን ያለውን ወጣት መነኩሴ ታሪክ ያመጣል፤ ወጣቱ መምህሩ ማረፉን አላወቀም ነበር። በኛ ሥራ ይህ ምክር ወርቅ ነው። ትናንት ያረፈውን ሰው ይዛችሁ ከተቀመጣችሁ የምትለማመዱት ኀዘን ነው፤ ኀዘንም የራሱ ጊዜና ቦታ አለው። ዛሬ ማታ የምታገኙትን፣ በሕይወት ያለውን ያዙ።

እኔ የያዝኳቸውን ልንገራችሁ። ዲመንሺያ፣ ማለትም የመርሳት ሕመም፣ ያለባቸው እናት ናቸው። ሌሊቱን ሙሉ እናታቸውን ይጣራሉ። ሲጣሩ ጣቶቻቸው የብርድ ልብሱን ጠርዝ ይዘው እጥፍ፣ እጥፍ እያደረጉ እስከ ጫፉ ይሄዳሉ፤ ጫፉ ላይ ሲደርሱ ይፈቱትና እንደገና ይጀምራሉ። ዓይኔን ስጨፍን ፊታቸው ሳይመጣልኝ እነዚያ ጣቶች ይቀድማሉ። እናንተም እንዲህ ያለ አንድ ነገር ፈልጉ፤ አንጀታችሁን የሚበላውን።

አሁን ወደ ውስጥ ስትተነፍሱ የሰውየውን ሥቃይ እንደ ጥቁር፣ ትኩስና ከባድ ጭስ ሳቡት። በአፍንጫ ብቻ አይደለም፤ በመላ ሰውነታችሁ የሚገባ ይሁን። ወደ ውጭ ስትተነፍሱ ቀዝቃዛ፣ ነጭና ቀላል ብርሃን ይውጣ። ብርሃኑ ለዚያ ሰው የሚያስፈልገውን ነገር ይዞ ይሂድ። እኔ ለእኒያ እናት የምልከው ግንባራቸው ላይ የሚያርፍ የእናት እጅ ነው፤ ጀርባው ለሚያመው ሰው ያልተቋረጠ እንቅልፍ ልትልኩ ትችላላችሁ። አንድ ትንፋሽ ሲገባ መቀበል፣ ሲወጣ መስጠት፤ በዚሁ ቀጥሉ።

እንግዲህ የሁሉም ሰው ፍርሃት እዚህ ጋ ነው፤ ጭሱ ውስጤ ቢቀርስ? ያመኝ ይሆን? አቻ ላ መጀመሪያ ያስረዳችኝ ይህን ነው። በትምህርቱ መሠረት ጭሱ ሳንባ ውስጥ አይከማችም። ደረታችሁ ውስጥ «እኔ፣ የእኔ፣ ለእኔ» የሚል አንድ ጠንካራ ቋጠሮ እንዳለ አስቡ ይላሉ። ጭሱ ገብቶ ያን ቋጠሮ ይመታዋል፤ ቋጠሮው ይፈነዳል፤ ጭሱም አብሮ ይጠፋል፤ ከተከፈተው ቦታ ብርሃኑ ይወጣል። ይህን የምታስቀር አጭር ማስተማሪያ ካገኛችሁ ተዉአት፤ ምክንያቱም ቋጠሮው ከሌለ ልምምዱ የሰውን ሸክም ደራርቦ መሸከም ይሆናል። ምስሉ አልመጣ ካለም አትታገሉ፤ ሲገባ «ይውጣልህ»፣ ሲወጣ «ይቅለልህ» ማለት በቂ ነው።

ሌላው መሳት ከንፈር መምጠጥ ነው። ከላይ ሆኖ «እኔን፣ ምስኪን» ማለት ርኅራኄን ይመስላል፤ ለዚህ ነው የዛሬ መምህራን የርኅራኄ የቅርብ ጠላት የሚሉት። ሕመምተኛም ያውቀዋል፤ ሲያዝኑለት ይጨማደዳል። ከሥቃዩ ጋር አብሮ መስመጥም ሌላው ነው። ፈረንሳዊው መነኩሴ ማቲዩ ሪካርድ፣ በጄኔቲክስ ዶክትሬቱን ሠርቶ ወደ ሂማላያ የሄደው፣ ከነርቭ ሳይንቲስቷ ታንያ ዚንገር ጋር በአንጎል ምስል ማንሻ ማሽን ውስጥ ይህንኑ ሞክሮታል። የሌሎችን ሥቃይ ዝም ብሎ አብሮ ሲሰማ ቶሎ ዛለ፤ ወደ ርኅራኄ ማሰላሰል ሲሻገር ግን ኃይሉ ተመለሰለት። በኋላ እነ ዚንገር ጀማሪዎችን አሠልጥነው ሲያዩም አብሮ መታመም መጥፎ ስሜትን አበዛ፤ የርኅራኄ ሥልጠናው ግን መልካም ስሜትን መለሰ። እና ምልክቱን ያዙ፦ ከልምምዱ ስትነሡ ዝላችሁ ከሆነ የመስጠቱን ትንፋሽ ዘንግታችኋል ማለት ነው። በሚቀጥለው ቀን መቀበሉን አሳጥሩ፣ መስጠቱን አስረዝሙ።

አንዱ ሰው ከተስተካከለላችሁ በኋላ አስፉት፤ በዚያ ፎቅ ላይ እንደ እሳቸው ለሚፈሩ ሁሉ፣ ዛሬ ሌሊት በየትም አገር እናቱን ለሚጣራ ሁሉ። የቸገራችሁን ሰው፣ የሚራገማችሁን ታማሚ ወይም የሚያመናጭቃችሁን አለቃ፣ አስቀድማችሁ አታምጡ። ወራት ይለፉ። ቼካዋ ራሱ መቀበሉን ከራስህ ጀምር ይላልና፣ በጣም በከበዳችሁ ቀን የራሳችሁን የነገ ድካም ሳቡ፤ ለራሳችሁም ዕረፍት ላኩ።

ሲያበቃ ሳትሮጡ «ከዚህ የተገኘ መልካም ነገር ካለ ለእነሱ ይሁን» በሉና ተነሡ።

ሥራ ላይ 15 ደቂቃ የሚሰጣችሁ የለም፤ አንድ ትንፋሽ ግን አለ። በር ላይ እጃችሁን ሳኒታይዘር ስትቀቡ አንድ ጊዜ ሳቡ፣ አንድ ጊዜ ስጡ፤ ከዚያ ግቡና የሚደረገውን አድርጉ፤ ትራሱን አዙሩ፣ ውኃ አጠጡ። እጅ ያልተከተለው ርኅራኄ ቡድሂስቶቹም ዘንድ ጎዶሎ ነው። ታይዋን ውስጥ መነኩሲት ቼንግ የን እ.ኤ.አ. በ1966 ሁዋሊየን ከተማ ላይ ጹ ቺ የተባለውን የእርዳታ ማኅበር ሲመሠርቱ 30 የቤት እመቤቶች ገበያ ከመውጣታቸው በፊት በየቀኑ 50 ሳንቲም የቀርከሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ይጥሉ ነበር። በወር አንዴ ጠቅልለን ብንሰጥስ ሲባሉ እምቢ አሉ፤ የሚፈልጉት ያ ሐሳብ በየቀኑ እንዲነሣ ነበር። ስለዚህ እሑድ አንድ ሰዓት ተቀምጣችሁ ሳምንቱን ከምትረሱት በየቀኑ አምስት ደቂቃ ይሻላችኋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ጦርነት፣ ስደት ወይም ድብደባ ያያችሁ ከሆነና ጭሱን ስትስቡ የራሳችሁ ትዝታ ካጥለቀለቃችሁ ወዲያው አቁሙ። ዓይናችሁን ግለጡ፣ እግራችሁ መሬት መርገጡን አስተውሉ፣ ውኃ ጠጡ። ለጊዜው መቀበሉን ተዉና መስጠቱን ብቻ ሥሩ፤ ለምትወዱት ልጅ ወይም ለጓደኛ ጀምሩ። ትዝታው ከተመላለሰ ደግሞ ልምምዱን አቆዩትና ለሐኪም ንገሩ። ማልቀስ ብቻ ከሆነ ግን አይፍራችሁ፤ እየተነፈሳችሁ አልቅሱ፣ ቀጥሉ።